ምዕራፍ 7፦ ልብን ለውድድሩ ቀን ማቆየት

በጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ላይ ሆኖ ለብስክሌት ውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ዳገት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ወደ ደቡብ የያዘ ወናጎንና ይርጋጨፌን እያለፈ ይወጣል፤ ወደ ሰሜን የያዘ በጩኮ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ያቀናል፤ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ደግሞ የቡሌን ደጋ ይጋፈጣል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይርጋጨፌ ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ቡሌ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። በአንድ ጠዋት ውስጥ ከወይና ደጋ ደጋ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ ቁርስ መድረስ ይቻላል።

እንዲህ ያለ መሬት ለብስክሌተኛ ሀብት ነው። በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተካሂዷል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኪጋሊ ከፍታ ከዲላ ከፍታ ብዙም አይለይም። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ በየዙሩ የሚወጣው ዳገት ሲደመር ከ5,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ። ከ160 በላይ ተወዳዳሪዎች ተነስተው የመጨረሻውን መስመር ያለፉት 30 ብቻ ናቸው። ብዙዎቹን ያስቀረው አንድ ግዙፍ ተራራ አልነበረም፤ የጌዴኦ ሰው በየቀኑ በእግሩ የሚወጣቸውን የሚመስሉ አጫጭር ዳገቶች በሚሳሳ አየር ውስጥ መደጋገማቸው ነው።

መሬቱ ግን ብቻውን ተወዳዳሪ አያወጣም። መስከረም ላይ ሌሊት ተነስቶ ጎማውን የሚነፋው ልጅ የካቲት ላይ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ይተወዋል። አሠልጣኙ «ሰነፈ» ይላል፤ ልጁም ራሱን እንደ ሰነፍ ይቆጥራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልብ የሚቆየው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ቀኑ የታወቀ ውድድር፣ የተመጠነ ልምምድ፣ አብሮ የሚጋልብ ጓደኛ እና በቂ ምግብ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ጎበዙም ሰነፍ ይመስላል። ይህ ምዕራፍ አራቱን በጌዴኦ ምድርና በጌዴኦ ዓመት ላይ አስቀምጦ ያሳያል።

አብሮ መጋለብ

ብስክሌት በኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ውስጥ ከአትሌቲክስ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ1956 ሜልቦርን ሲሆን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተጉዘው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1960፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የሮም ኦሊምፒክም ተወዳድሯል። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ብዙ ጊዜ እየደበዘዘ ተመልሶ ደምቋል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ የዚያ ዓመት ቱር 21 ቀን ውድድርና ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነበረው። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ተሳትፋለች። ከትግራይ የተነሳችው እየሩ ገብሩ በ2024 ፓሪስ ላይ የስደተኞችን ኦሊምፒክ ቡድን ማሊያ ለብሳ ተወዳድራለች።

መቀሌ የኢትዮጵያ ብስክሌት ቤት ሆና መቆየቷን ብዙ ሰው የሚያስረዳው በከፍታዋና በነፋሷ ነው። ዲላም ከፍታ አላት፤ ዳገትም አላት። መቀሌ ለረጅም ዘመን የነበራት ሌላው ነገር ታናሹ ታላቁን እያየ የሚያድግበት፣ ክለብ ከክለብ የሚፎካከርበት ማኅበር ነው። የዚህን ጉልበት ሳይንስ ያወቀው ከ120 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ያወቀውም ከብስክሌት ነው። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የብስክሌተኞችን የሰዓት መዝገብ ሲመረምር ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚጋልብ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ከሚጋልበው የዘገየ መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱን ለመለየት ልጆች የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ እንዲያዞሩ አደረገ፤ አንዴ ብቻቸውን፣ አንዴ ከሌላ ልጅ ጋር። ግማሽ ያህሉ ባልንጀራ ሲኖራቸው ፈጠኑ። በ1898 የታተመው ጥናቱ በስፖርት ሥነ ልቦና ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

በብስክሌት ላይ ደግሞ ከልብ በተጨማሪ ነፋሱም አለ። ከፊት ያለው ሰው አየሩን ይከፍላል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው በሜዳ ላይ ሩብ ያህል ጉልበት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ አራት ሆነው ተራ በተራ እየመሩ የሚጋልቡ ልጆች አንዱ ብቻውን ከሚሄደው ርቀው ይሄዳሉ፤ ፈጥነውም ይመለሳሉ። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይህ ጥቅም ይሳሳል፤ እዚያ የሚቀረው የጓደኛ ጥቅም ዓይንና ድምፅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ አንዱ ልምምድ ከሰው ጋር ይሁን። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ መገናኛውም አይለዋወጥ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰው እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ልጅ ከአልጋው ለመነሳት ከራሱ ጋር አይከራከርም።

ዓመቱን ከቀኑ ወደ ኋላ መቁጠር

የሶቪየቱ የስፖርት ምሁር ሌቭ ማትቬዬቭ በ1960ዎቹ የስፖርት ዓመትን በምዕራፍ የመከፋፈልን ሐሳብ በሥርዓት አስቀመጠ፦ መሠረት መጣል፣ ወደ ውድድሩ መጠጋት፣ መወዳደር፣ ማረፍ። ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ክርክር ቢኖርም ዋናው ሐሳብ ጸንቷል። ሰውነት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ደረጃ አይቆምም፤ ጫፍ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከዋናው ውድድር ቀን ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጌዴኦ ውስጥ ይህን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት ቡናውንና ዝናቡን ማየት አለበት። እሸት ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በነዚህ ወራት የቤተሰቡ እጅ ሁሉ ለቀማው፣ ማጠቢያ ጣቢያውና ማድረቂያ አልጋው ላይ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ይከፈታል። ከመጋቢት ጀምሮ የበልጉ ዝናብ ይመጣል፤ ክረምቱ ደግሞ በሐምሌ ይከተላል።

ዋናው ውድድር ግንቦት ላይ ነው እንበል። ወደ ኋላ ሲቆጠር ዓመቱ እንዲህ ይደላደላል። ሰኔ ዕረፍት ነው፤ ብስክሌቱ ለመልእክት ካልሆነ አይነሳም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናቡ በሰጠው ቀን ሁሉ ዝግ ያለ ግልቢያ፣ ከዚያም ጋር ለጀርባና ለእግር ጥንካሬ የሚሆን የቤት ውስጥ ልምምድ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የለቀማ ወራት ናቸው። ጥርና የካቲት የረጅም መንገድ ወራት ናቸው፤ ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ደርሶ መልስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከዚያም በላይ። መጋቢትና ሚያዝያ ፍጥነት የሚሳልባቸው፣ ትናንሽ ውድድሮች የሚሞከሩባቸው ናቸው። የውድድሩ ቀን ሌላ ወር ላይ ከዋለ ምዕራፎቹ አብረውት ይሸሻሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም።

ብዙ ልጆች ልባቸው የሚሰበረው በለቀማው ወቅት ነው። አባት ማሳ ላይ ሲጠራ ልምምድ ይቀራል፤ አንድ ሳምንት ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ «የደከምኩበት ሁሉ ጠፋ» የሚል ሐሳብ ይገባል። ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። አሜሪካዊው ሮበርት ሂክሰንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ባደረጓቸው ጥናቶች በሳምንት 6 ቀን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ልምምዳቸውን ወደ 4፣ አልፎም ወደ 2 ቀን ሲያወርዱ፣ የእያንዳንዱን ልምምድ ግፊት ግን እንደነበረ ሲጠብቁ፣ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ለ15 ሳምንታት ሳይወርድ ቆየ። ግፊቱን የቀነሱት ግን አቅማቸው ወረደ።

ይህ ውጤት ለቡና አምራች ቤተሰብ ልጅ የተጻፈ ይመስላል። በለቀማ ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ብቻ፣ በውስጡ ትንፋሽ የሚያሳጥሩ አራት ወይም አምስት የዳገት ሩጫዎች ይበቃሉ። ልጁ አባቱን ያግዛል፤ አቅሙም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለቀማው የዕቅዱ አካል ስለሆነ ያመለጠው ነገር የለም። ዕቅድ ውስጥ የገባ ሥራ ልብ አይሰብርም።

የዝናቡ ወራት ሌላ ፈተና አላቸው፤ ብስክሌቱ ራሱ ይበላሻል። ጭቃና አሸዋ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ችንካሮቹን እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል፤ የተላላ ካቴና ደግሞ የማርሹን ጥርስ ይበላል፤ ማርሽ ከካቴና ብዙ እጥፍ ይወደዳል። በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ከአንዱ ችንካር መሐል ተነስቶ 24 ክፍል ሲቆጠር አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩ ወደ 30.65 ሲጠጋ መቀየሪያው ደርሷል። ከዝናብ ግልቢያ በኋላ ካቴናውን በጨርቅ ጠርጎ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት መስጠት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ብርዱን ያስብ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይለያያል፤ ላብ ያራሰው ደረት በነፋስ ይመታል። የአውሮፓ ብስክሌተኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጋዜጣ ማሊያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አድርገው ይወርዱ ነበር። ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ከአምስቱ አንዱ ብቻ ከባድ

ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የታላላቅ ሯጮችን፣ ቀዛፊዎችን፣ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችንና ብስክሌተኞችን መዝገብ ሲያጠና ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ከልምምዶቻቸው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ዝግ ያለ ነው፤ 20 በመቶው ግን በእርግጥ ከባድ ነው። ጀማሪው የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። በየቀኑ መሐል ላይ ይጋልባል፤ ለማረፍ የፈጠነ፣ ለመሻሻል ያዘገመ።

ዝግ ያለ ማለት ምን ያህል ነው? ዋጋው ውድ የሆነ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጓደኛ ጋር እየጋለቡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ዝግ ያለ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከወጣ ከባድ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ችግሩ ዳገቱ ነው፤ ዝግ ብሎ ለመውጣት ቀላል ማርሽና ትሕትና ይጠይቃል። በዝግታ ቀን ሌላው ሲያልፍ ዝም ብሎ ማሳለፍ ከባድ ልምምድ ከመሥራት ያላነሰ ጥንካሬ ነው።

አሜሪካዊው ካርል ፎስተር የልምምድን ሸክም በደብተርና በእስክሪብቶ የሚለካ ዘዴ ሰጥቶናል። ከልምምድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰውየው ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ «ምን ያህል ከበደኝ?» ብሎ ይመልሳል፤ ቁጥሩን በደቂቃው ያባዛዋል። በጥር የአንድ ወጣት ሳምንት እንዲህ ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ለ60 ደቂቃ የዳገት ሩጫ፣ ክብደቱ 7፣ ውጤቱ 420። ረቡዕ 90 ደቂቃ በ3፣ 270። ሐሙስ 75 ደቂቃ በ3፣ 225። ቅዳሜ ከቡድን ጋር 180 ደቂቃ በ4፣ 720። እሑድ 60 ደቂቃ በ2፣ 120። ሰኞና ዓርብ ዕረፍት። ድምሩ 1,755 ይመጣል፤ ከአምስቱ ልምምድ ከባዱ አንዱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ድምሩ ጥቂት ይጨምራል፤ በሦስተኛው ሌላ ጥቂት፤ በአራተኛው ሆን ተብሎ ይወርዳል፤ ሰውነት የተጫነበትን የሚያዋህደው በዚያ ጊዜ ነውና።

ደብተሩ ሌላም ነገር ያሳያል። ባለፈው ወር 3 ይባል የነበረው ያው የረቡዕ መንገድ ዛሬ 5 ከሆነ መንገዱ አልተለወጠም፤ ሰውየው ደክሟል። ይህን አሠልጣኙም ልጁም ከቁጣ በፊት ማየት አለባቸው።

ፍሬ የበዛበት ቡና

ቡና የሚያለማ ሰው አንድ ዓመት ከልክ በላይ ያፈራ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚነጥፍ ያውቃል። ዛፉ ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቶ ለአዲስ ቅርንጫፍ የሚሆን አያስተርፍም፤ አንዳንዴም ጫፉ ይደርቃል። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የሚያሳድገው ለዚህም ጭምር ነው፤ ጥላው የፍሬውን ብዛት ይመጥናል፤ ዛፉም ከዓመት ዓመት ይሰጣል። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዚህ ልክ በማወቅ ላይ የቆመ ነው። ተወዳዳሪም እንዲሁ ነው። በአንድ ዓመት ሁሉንም ውድድር ላሸንፍ ያለ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም።

የመንጠፍ ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚቆጠረው የልብ ምት ለቀናት ከተለመደው ከፍ ይላል። እንቅልፍ ይረበሻል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ጉንፋን ይመላለሳል፤ ሰውየው በትንሽ ነገር ይቆጣል። ከእነዚህ ጋር የመጣ የልብ መሳሳት የድካም ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍትና ምግብ ነው። ሰውነቱ ጤናማ፣ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ልቡ ብቻ የሳሳበት ሰው ግን ሌላ ነገር ጎድሎበታል።

ያን ሌላ ነገር ለመረዳት የኤድዋርድ ዴሲ ሙከራ ይረዳል። በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች የሚያዝናና የቅርጽ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ አደረገ። ከፊሎቹ ለፈቱት ሁሉ ገንዘብ ተከፈላቸው። ክፍያው ሲቆም እነዚያ በነጻ ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የሚነኩበት ጊዜ አጠረ። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ባዳበረው ሐሳብ የሰው ልብ በሥራ ላይ የሚጸናው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው፦ የራሱ ምርጫ መሆኑ፣ እየቻለ መሄዱና ከሰዎች ጋር መተሳሰሩ። በአገራችን ክለብ ለተወዳዳሪው ደመወዝ ይከፍላል፤ ይገባዋልም፤ ቤተሰብ የሚረዳበት ነው። ደመወዙ ብቸኛው ምክንያት ሲሆን ግን ክፍያው በዘገየ ወር ብስክሌቱም ይቆማል። አስተዋይ አሠልጣኝ ለልጁ ምርጫ ይሰጠዋል፤ «ማክሰኞ የቱን ዳገት እንውጣ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መሻሻሉን በቁጥር ያሳየዋል፤ በያንዳንዱ ወር መጀመሪያ ያው መንገድ በሰዓት ይያዛል። ከቡድኑም አይለየውም፤ የተጎዳ ልጅ ሰዓት እየያዘ፣ ውኃ እያቀበለ ከጓደኞቹ ጋር ይቆያል።

ለዕለት ተዕለቱ ደግሞ የፒተር ጎልቪትዘር ጥናቶች ቀላል መሣሪያ ሰጥተዋል። «በርትቼ እሠራለሁ» ከሚል ሰው ይልቅ «ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ያሰበውን ይፈጽማል። «ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ከጣለ የዳገቱን ልምምድ ወደ ረቡዕ አዛውሬ ቤት ውስጥ የጥንካሬውን እሠራለሁ።» «ከመነዳሪው ከተበሳ ለጥፌ የቀረችውን ሰዓት እጋልባለሁ።» ውሳኔው ማታ በረጋ ልብ ከተጻፈ ጠዋት በደከመ ልብ መከራከር አይኖርም።

ገበታው ላይ ያለው

ልምምዱን ሁሉ ትክክል ሠርቶ ልቡ የሚሳሳ ወጣት ብዙ ጊዜ ተርቦ ነው። በረጅም ግልቢያ ሰውነት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ይህ ማለት አንድ ትልቅ ሙዝና ትንሽ ቁራሽ ዳቦ፣ ወይም ሁለት የተቀቀለ ድንች ከጨው ጋር ነው። ጌዴኦ ከእንሰት የሚያገኘው ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ስለሆነ ከጎኑ ባቄላ፣ አተር፣ ወተት ወይም ዕንቁላል ይሻል። በጾም ወራት ጥራጥሬው ቦታውን ይይዛል፤ ከባዱ ልምምድም ከመብሊያው ሰዓት ጋር እንዲቀራረብ ይዛወራል።

ክብደት ለመቀነስ ብሎ መራብ ዳገት ያፈጥናል የሚለው እምነት በቁጥር ይመርመር። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ልብሱ ሲጨመር 70 ኪሎ ይሆናል። 1,000 ሜትር ከፍታን በአንድ ሰዓት ለመውጣት የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 190 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። በዚያው ጉልበት አንድ ኪሎ ቢቀንስ የሚያተርፈው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ተርቦ ጉልበቱ በ10 ዋት ቢወርድ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ይከስራል። ሴት ተወዳዳሪዎች ላይ ደግሞ የወር አበባ መቅረት ምግቡ ከሥራው ማነሱን የሚናገር ምልክት ነው፤ አጥንትንም ይጎዳል፤ ሐኪም ማየት እንጂ መታገሥ አይገባም።

ቡናውስ? ካፌይን ጽናትን እንደሚያግዝ ብዙ ጥናት አረጋግጧል፤ የሚሠራው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር የወጣውም በ2004 ነው። የውድድር ቀን ጠዋት ቡና መጠጣት ጥሩ ነው። ማታ ግን በደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ እንቅልፍ ይሰርቃል። ለወጣት ተወዳዳሪ እንቅልፍን የሚተካ ነገር የለም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ከዚያም በኋላ

ውድድሩ ሲቃረብ ፍርሃት «ጨምር፣ ጨምር» ይላል። ሎረን ቦስኬና ባልደረቦቹ በ2007 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ጥሩ ውጤት የሚገኘው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የልምምዱ መጠን በግማሽ አካባቢ ሲቀነስ፣ ግፊቱ ግን እንዳለ ሲጠበቅ ነው። 1,755 የነበረው ሳምንት ወደ 900 ይወርዳል፤ የማክሰኞው ዳገት ይቀራል ማለት አይደለም፤ ከስድስት ሩጫ ሦስቱ ይሠራል። በእነዚህ ቀናት እግር የከበደ መምሰሉ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥ።

ውድድሩ ሳይሳካስ? ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በግንቦት 2024 በጣሊያን ጂሮ ወድቆ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለማቋረጥ ተገደደ። ሁለት ወር ሳይሞላ በቱር ደ ፍራንስ ቱሪን ላይ የዕለቱን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ቱር ሁለት ተጨማሪ ድሎች አስመዝግቦ ለነጥብ አሸናፊው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ የዚያ ዓመት ቱር ባበቃባት በኒስ ተረከበ። ለዚህ ያበቃው አንዱ ነገር ከውድቀቱ በኋላ የሚያነጣጥርበት ሌላ ቀን የነበረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ውድድር አንድ ሲሆን ከኋላው ሁለተኛ ቀን አስቀድሞ ይጻፍ። ከውድድሩ ማግሥት ደግሞ ከመፍረድ በፊት ሦስት ነገር በደብተሩ ይስፈር፦ የተሳካው፣ ያልተሳካው፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚለወጠው አንድ ነገር።

ከዚህ በላይ ያለው ኃላፊነት የልጁ አይደለም። ውድድር መቼ እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ከምንም ተነስቶ ወደ ኋላ ሊቆጥር አይችልም። በጌዴኦ ስፖርትን የሚመሩ፣ የስፖርት ሳይንስ የሚያስተምሩና ክለብ ማቋቋም የሚያስቡ ሁሉ ሊጀምሩበት የሚችሉት ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከዲላ እስከ ወናጎ ያለው መንገድ፣ የእጅ ሰዓት የያዙ ሁለት ሰዎች፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚያግዝበት አንድ ጠዋት ይበቃሉ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ በዚያው መንገድ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይጋልብ፤ ውጤቱም ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የዓመቱ አሥራ ሁለት ቀናት መስከረም ላይ ይታወጁ፤ ዝናብም ይዝነብ፣ ጥቂት ሰውም ይምጣ፣ አይሰረዙ። ቀኑ ከታወቀ ጓደኛው ይገኛል፤ ልምምዱ ይመጠናል፤ እናትም ለዚያ ቀን የሚሆን ምሳ ትቋጥራለች።